የዝሆን ጥርስ መንገድ፦ ከአገራችን ወደ ሕንድ፣ ከሕንድ ወደ መስጊዳችን ደጅ

 

የዚህ መታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች «ከኢማሙ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንጠብቃለን» ባሉኝ ጊዜ፣ ስለ መስጊዳችን አመሠራረት እንድጽፍ የፈለጉ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ያንን ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ድንጋዩን በጀርባቸው ያመላለሱት አባቶች በዚሁ መጽሔት ስለጻፉት፣ እኔ ከስንዝር ስለምታንስ አንዲት ዕቃ እጽፋለሁ። ዕቃዋ ትንሽ ብትሆንም የመስጊዱን ኮሚቴ ሦስት ስብሰባ አስቀምጣለች፤ እኔንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ያልነካኋቸውን የታሪክ መጻሕፍት አስገልጣኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴቶች መስገጃው ጣራ ማፍሰስ በጀመረበት ክረምት መዋጮ እንሰበስብ ነበር። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሐጂያ እናታችን በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። «ልጄ፣ በእጄ ገንዘብ የለኝም። ይህን ሸጣችሁ ለአላህ ቤት አድርጉልኝ፤ ምንዳው ለባለቤቴና ለአባቱ ይድረስልኝ» አሉኝ። ቋጠሮውን ስፈታ እንደ ቆየ ቅቤ ቢጫነት ያዘለች ነጭ ምስል አገኘሁ። ጥምጥም ያሰረ፣ ወገቡ ላይ ብቻ ጨርቅ ያገለደመ ቀጭን ሰው ቆሟል፤ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በቀኝ እጁ ወገቧ የቀጠነ ትንሽ ከበሮ ይዟል፤ በግራው ገመድ። ከገመዱ ጫፍ አንዲት ጦጣ በትር ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አንድ ጆሮዋ ተሰብሯል።

ሐጂያ እንደነገሩኝ የባለቤታቸው አባት በወጣትነታቸው አራዳ ውስጥ ለአንድ የሕንድ ነጋዴ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ነጋዴው አገሩን ሲገባ ለማስታወሻ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በጥጥ ተጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ነበረች። ምስል ናትና እንግዳ እንዳያያት ይደብቋት ነበር፤ የታማኝነታቸው ዋጋ ናትና ደግሞ ሊጥሏት አልቻሉም።

ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ ሐሳቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ። በዕድሜ ትልቁ ሐጂ «ነፍስ ያለው ነገር ሱራ ነው፤ አንገቱ ተሰብሮ ይጣል» አሉ። ገንዘብ ያዣችን «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ እዚሁ አጠገባችን ነው። ለአንድ የውጭ አገር ሰው ብትሸጥ ጣራው ተለውጦ ለምንጣፍም ይተርፋል» አለ። አንድ ወጣት አባል ደግሞ የዝሆን ጥርስ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን አስታወሰ። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኔም ሳላውቅ ከመናገር ጊዜ መጠየቅ ይሻላል ብዬ ጊዜ ጠየቅሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ጊዜ ያገኘሁትን ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

በመጀመሪያ ማወቅ የነበረብን ዕቃዋ በእርግጥ የዝሆን ጥርስ መሆን አለመሆኗን ነበር፤ ከበሬ ወይም ከግመል አጥንት ተሠርቶ የዝሆን ጥርስ የሚባል ብዙ ነውና። አንዳንድ ሰው መርፌ አግሎ ይወጋዋል፤ ይህ ዕቃውን ማበላሸት ነው። ደህናው መንገድ ከታች፣ ጥርሱ በአግድም የተቆረጠበትን ቦታ በብርሃን ማየት ነው። አጥንት ከሆነ ደም ይመላለስባቸው የነበሩ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የዝሆን ጥርስ ከሆነ ግን እንደ ወንፊት የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። አንድ የዓይን መነጽር ጠጋኝ የጀማዓችን አባል በማጉያ መስታወቱ አየልን፤ መስመሮቹ ነበሩ።

ቀጥሎ የሰውዬው ማንነት ነው። ከበሮዋ የሕንድ አገር ናት፤ ዳምሩ ይሏታል። በሕንድ ከተሞች ገበያ መሐል ጦጣ የሚያስጨፍሩ፣ ድብ የሚያታግሉ፣ እባብ በዋሽንት የሚያወጡ፣ በገመድ ላይ የሚራመዱ፣ ኳስና ጩቤ ወደ ላይ እየወረወሩ የሚቀልቡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። በእኛ አገር ማሲንቆውን ይዞ ከደጅ ደጅ የሚዞረው አዝማሪ፣ ጎሕ ሳይቀድ እየዘፈኑ የሚለምኑት ላሊበላዎች፣ በሐረር ከግንቡ ውጭ ማታ ማታ ጅብ በአፋቸው ሥጋ የሚያጎርሱት ሰዎች የእነዚህ ዘመድ ናቸው ለማለት ይቻላል። ሁሉም የሚኖሩት ቆሞ ከሚያይ ሰው በሚወረወር ሳንቲም ነው፤ ሁሉም ይታያሉ እንጂ አይከበሩም።

እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ጦጣ የሚያስጨፍረውና አስማት የሚመስል ጨዋታ የሚያሳየው ሰው በሕንድ ማዳሪ ይባላል። ስሙ የመጣው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት፣ ማካንፑር በምትባል የሰሜን ሕንድ ቦታ ከተቀበሩት ከሸኽ በዲዑዲን ሻህ ማዳር ነው። የእርሳቸውን ጦሪቃ የተከተሉ ፉቀራዎች ከአገር አገር ሲዞሩ፣ ከኋላቸው የመጡ ድሆች ስሙን ይዘው ወደ ጨዋታ ገቡ። ድብና ጦጣ የሚነዱትም ቀለንደር ይባላሉ፤ ይህም የዞረ ደርቪሽ ስም ነው፤ ቀለንደሮቹም ሙስሊሞች ናቸው። ስለዚህ በነጠላ ተቋጥሮ የመጣው ቀጭን ሰው፣ ጁሙዓ ቀን ጦጣውን ከደጅ አስሮ ከኋላ ሰፍ የሚቆም የነበረ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለኮሚቴው ስነግር ሐጂ «ላኢላሀ ኢለላህ» አሉና ዝም አሉ።

ቀራጩስ ማን ነው? እንዲህ ያሉ ምስሎች በብዛት የተሠሩት በቤንጋል ክፍለ አገር፣ በሙርሺዳባድና በአጠገቧ ባለችው በቤርሃምፖር ነው። ሙርሺዳባድ ስሟን ያገኘችው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋና ከተማው ካደረጋት ከሙስሊሙ ገዢ ከሙርሺድ ቁሊ ኻን ነው። የቤንጋል ናዋቦች በዚያ ተቀምጠው ሲገዙ የእጅ ባለሙያዎች በዙሪያቸው ተሰበሰቡ። ጥርስ መቅረጽ እንዴት እንደ ተጀመረ የአገሩ ሰዎች የሚተርኩት ደስ የሚል ነገር አለ። አንድ ናዋብ የጆሮ መጥረጊያ ስንጥር ጠየቀ፤ የሣር ስንጥር ቀረበለት። ይህ ለናዋብ አይገባም ተብሎ ከዝሆን ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ከዴልሂ ተጠራ። ሰውዬው በሩን ዘግቶ ሲሠራ አንድ ባስካር፣ ማለትም ከሂንዱዎቹ የቀራጭ ወገን የሆነ ሰው፣ በግድግዳ ቀዳዳ እያጮለቀ ሙያውን ሰረቀ፤ ለልጁም አስተማረው። ልጁ ከአባቱም ከዴልሂውም በለጠ ይባላል። አንድ የጆሮ ስንጥር ስንት ቤት እንጀራ እንዳበላ አላህ ይወቅ።

እ.ኤ.አ. በ1757 በፕላሲ ጦርነት እንግሊዞች የቤንጋልን ናዋብ ድል ካደረጉ በኋላ ሥልጣኑ ከእጁ ወጣ፤ ቤርሃምፖር ላይም የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ተሠራ። የቀራጮቹ ገዢ ተለወጠ ማለት ነው። የእንግሊዝ መኮንን አገሩ ሲመለስ «ሕንዶች እንዲህ ናቸው» ብሎ ለቤተ ዘመድ የሚያሳየው ነገር ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ባስካሮቹ ከቼዝ መጫወቻውና ጌጥ ከለበሰው ዝሆን ጎን ለጎን ተራውን ሰው መቅረጽ ጀመሩ፦ በአቁማዳ ውኃ ተሸካሚውን፣ ልብስ አጣቢውን፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን፣ እባብ አጫዋቹን፣ ጦጣ አስጨፋሪውን። ዛሬ የዚያ አገር ሥራ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1870 ጦሩ ከቤርሃምፖር ሲነሣ ገበያው ደከመ፤ ብዙ ቀራጮችም ተበተኑ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የጥርሱ ሥር፣ በዝሆኑ መንጋጋ ውስጥ የሚገባው ወገን፣ ውስጡ ክፍት ነው፤ እርሱ ለሴቶች አምባር ይሆናል። ምስል የሚወጣው ድፍን ከሆነው ከጫፉ ነው። ቀራጩ በመጋዝ ይቆርጠዋል፣ በመሮ ይፈለፍለዋል፣ በሞረድ ያለሰልሰዋል፤ በመጨረሻም በዓሣ ቅርፊትና በጠመኔ ያሸዋል። የጎድን አጥንት ለመቅረጽ፣ ገመድ ሳይበጠስ ከእጅ እስከ ጦጣዋ ለማድረስ፣ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የእንጨት ሥራ የሚያውቁ ይፍረዱ። እኔን ግን ደጋግሞ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ጦጣ አስጨፋሪው ለአንድ ቀን ጨዋታ የሚያገኘው ጥቂት ሳንቲም ነበር፤ የእርሱ ምስል የተሸጠው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ቀራጩን ተረት አስታወሰው፤ ናዋቡን ታሪክ አስታወሰው። ቀጭኑን ሰው ስሙን ማንም አልጻፈውም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ አገር የሚያመጣን ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጥርሱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ሕንድ የዝሆን አገር አይደለችምን? ናት። ነገር ግን የሕንድ ሴት ዝሆን ረጅም ጥርስ የላትም፤ ከወንዶቹም የሌላቸው አሉ። ደግሞም የሕንድ ሰው ዝሆኑን ለሥራና ለጦርነት ይገራዋል እንጂ ለጥርሱ ብሎ በገፍ አይገድለውም። የአፍሪካ ዝሆን ግን ወንዱም ሴቷም ትልልቅ ጥርስ አላቸው። ስለዚህ የሕንድ ቀራጮች ከጥንት ጀምሮ ጥርስ ከባሕር ማዶ ያስመጡ ነበር፤ ባሕር ማዶ ማለት ደግሞ እኛ ነን።

በትምህርት ቤት የታሪክ መምህራችን አዱሊስን ሲያስተምሩን ወደቧ የዝሆን ጥርስ ትልክ እንደ ነበር ነግረውን ነበር፤ ወዴት ትልክ እንደ ነበር ግን እኔ ለፈተና አልሸመደድሁትም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ አንድ የግሪክ ነጋዴ በቀይ ባሕር ንግድ ላይ በጻፈው መምሪያ፣ ከዓባይ ማዶ ያለ ጥርስ ሁሉ ወደ አክሱም እንደሚመጣ፣ ከዚያም ወደ አዱሊስ እንደሚወርድ አስፍሯል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የሕንድ ዝሆኖች ትልቅ ጥርስ እንደሌላቸው፣ የኢትዮጵያዎቹ ግን እንዳላቸው፣ ጥርሱም በመርከብ ወደ ሕንድ፣ ወደ ፋርስ፣ ወደ የመንና ወደ ሮም ግዛት እንደሚሄድ ጽፏል። በዚያው መቶ ዓመት ከአዱሊስ ወደ አክሱም የተጓዘው የሮም መልእክተኛ ኖኖሶስ በመንገዱ ላይ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ላይ ተሰማርተው እንዳየ ተናግሯል። ዛሬ ያንን መንገድ የሚሄድ ሰው አንድም አያይም።

ስለ ዝሆን ሲነሣ እኛ ሙስሊሞች ቶሎ የሚታወሰን የዝሆኑ ዓመት ነው፤ ከአክሱም ጦር የወጣው የየመኑ ገዢ አብረሃ ካዕባን ለማፍረስ የዘመተበት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱበት ዓመት። ኮስማስ ሐበሾች ዝሆን መግራት እንደማያውቁ፣ ንጉሡ ለማሳያ ሲፈልግ ብቻ ግልገል አስይዞ እንደሚያሳድግ መጻፉ ሱረቱል ፊልን ስቀራ አሁን አሁን ትዝ ይለኛል። ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

የባግዳዱ ታሪክ ጸሐፊ አል-መስዑዲ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዖማን ተነሥተው እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ዓረቦች ዘንጅ እስከሚሉት አገር፣ በመርከብ ተጉዘዋል። የዘንጅ ጥርስ ወደ ዖማን፣ ከዖማን ወደ ሕንድና ወደ ቻይና እንደሚጫን፣ ይህ ባይሆን ኖሮ በሙስሊሙ አገር የዝሆን ጥርስ ይበዛ እንደ ነበር ገልጸዋል። ሕንዶች ከጥርሱ የጩቤ እጀታና የቼዝ መጫወቻ እንደሚሠሩበትም ጽፈዋል። እንግዲህ መንገዱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተረገጠ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አባቶቻችን የት ነበሩ? መሐሉ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ በጎንደር አዲስ ዓለም የሚባለው የእስላም ሰፈር የዚህ ምልክት ነው። ሙስሊሙ ርስት ስለተከለከለ እጁ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ሄደ። ጀበርቲዎች የሲራራ ንግዱን ያዙ። ከጊቤ ማዶ ደግሞ የኦሮሞ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ አፍቃላዎች የሚባሉት፣ ነበሩ። ከከፋ፣ ከቦንጋ የተነሣ ጥርስ ጅማ ሂርማታ ገበያ ይገባል፤ ከዚያ የሊሙ ኢናርያ ገበያ ወደ ሆነችው ወደ ሳቃ፤ ጊቤንና ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር ዓድዋ፣ ከዓድዋ ምጽዋ ይወርዳል። ወራት የሚፈጅ መንገድ ነው፤ በየኬላው ቀረጥ፣ በየወንዙ ሙላት፣ በየቆላው ንዳድ። ምጽዋ ላይ ባንያን የሚባሉት የሕንድ ነጋዴዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ጥርሱን በፈረሱላ፣ ማለትም ወደ 17 ኪሎ በሚሆን መመዘኛ፣ መዝነው በማርትሬዛ ብር ይገዙና ወደ ቦምቤይ ይጭኑታል። በኋላ ዘመን ደግሞ የሸዋው ጥርስ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ ዘይላ ሄደ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 የያዟት ዓደን ከማዶ ቆማ ትቀበለው ነበር።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መጻፍ አለብኝ። አንዳንድ ወንድሞች ስለ ጀበርቲ ነጋዴዎች ሲጽፉ በየሄዱበት ዒልምና ዲን እንዳሠራጩ ይነግሩናል፤ እውነት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን የዝሆን ጥርስ የጫነው ሲራራ ወርቅና ዝባድ ብቻ አልነበረም አብሮት የሚሄደው። በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ገበያዎች፣ በሂርማታም በባሶም፣ ባሪያዎች ይሸጡ ነበር። ጥርሱ በበቅሎ ሲጫን ልጆቹ በእግራቸው ይነዱ ነበር። ሻጩም ገዢውም ክርስቲያን አለበት፣ አረመኔ የተባለ አለበት፣ የእኛም ሰው አለበት። የኢትዮጵያ መንግሥት ባርነትን በሕግ ጨርሶ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ይህን ትተን «አባቶቻችን ታላላቅ ነጋዴዎች ነበሩ» ማለት ሚዛኑን በአንድ በኩል መጫን ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጠመንጃ ሲበዛ የዝሆኑ ነገር ባሰ። ቀድሞ ዝሆን ገዳይ በጦር ስለሚገድል በየአውራጃው ይዘፈንለት ነበር፤ ብዙ ቦታ አንደኛው ጥርስ ለገዢው፣ ሌላው ለገዳዩ ነበር። ጠመንጃ ሲመጣ ጥርስ ጠመንጃ ይገዛል፣ ጠመንጃው ጥርስ ያመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ መሣሪያ ከገዙባቸው ዕቃዎች አንዱ የዝሆን ጥርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በእጃቸው ስትገባ የሐረር ንግድም ወደ እርሳቸው ዞረ። የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ አገራቸው እንዳይፈርስ በሰላም ሲገብሩ ከግብራቸው ውስጥ የዝሆን ጥርስ ነበረበት፤ የቤኒ ሻንጉሉ ሸኽ ኾጀሌ አል-ሐሰንም እንዲሁ ወርቅና ጥርስ ይገብሩ ነበር። ቤታቸው እስካሁን በከተማችን በሾጎሌ አካባቢ ቆሟል። እንግዲህ የእኛ ሙስሊም መሳፍንት ለሕዝባቸው ሰላም የከፈሉት ዋጋ ከፊሉ ከዝሆን አፍ የወጣ ነው።

በዚያን ጊዜ ነው ሕንዶቹ ራሳቸው ወደ መሐል አገር የገቡት። ከእነዚህ በስም የሚታወቀው የሙሐመድ አሊ ኩባንያ ነው። ባለቤቶቹ ቦህራ የሚባሉ የጉጃራት ሙስሊሞች ነበሩ፤ በመጀመሪያ በሐረር፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ሱቅ ከፈቱ። ጨርቅና ብረታ ብረት ያስገባሉ፣ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ያስወጣሉ። አራዳ ላይ ያለው አሮጌ ቤታቸውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሽማግሌ የለም። ጣሊያኖች ከተማዋን ከያዙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1937 ኩባንያውን ዘግተው አስወጡት። የሐጂያ የባል አባት ያገለገሉት ነጋዴ ሌላ ሰው ነው፤ ግን የመጣው በዚያው ማዕበል ነው።

ጥርሱ ቦምቤይ ከደረሰ በኋላ ከፊሉ ወደ ለንደን ያልፋል። እዚያው ከሚቀረው አብዛኛው ለጉጃራትና ለራጀስታን ሴቶች የሠርግ አምባር ይሆናል። አምባሩ ሴቲቱ ስትሞት ወይም ባሏ ሲሞት ስለሚሰበር፣ ለሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ አዲስ ስለሚያስፈልግ፣ ፍላጎቱ አያልቅም ነበር። ሌላው ወደ ቀራጮች ይሄዳል። ነጋዴው ለሐጂያ የባል አባት «ይህ ከአገርህ ሄዶ የመጣ ነው» ብሎ ሰጥቷቸው እንደ ነበር ሐጂያ ሰምተዋል። የምስሏ ጥርስ ከከፋ ይሁን ከሌላ የአፍሪካ ጫካ በዓይን አይለይም። ቢሆንም ነጋዴው የተናገረው ከመንገዱ ጋር ይስማማል፤ እኔም አላስተባበልሁትም።

አሁን ወደ ፊቅሁ ልግባ፤ ኮሚቴው የጠየቀኝ መጀመሪያ ይህን ነበርና። የዝሆን ጥርስ፣ በዓረብኛ ዓጅ፣ ንጹሕ ነው ወይስ ነጃሳ? ኢማም አቡ ሐኒፋ የሞተ እንስሳ አጥንትና ቀንድ ሕይወት ስለማያድርበት ንጹሕ ነው ይላሉ። በሻፊዒዮቹ ዘንድ ደግሞ የታወቀው የሞተ እንስሳ አጥንት ነጃሳ መሆኑ ነው። ቡኻሪ በሶሒሓቸው ከጠቀሷቸው ቀደምት ሰዎች መካከል ኢብኑ ሲሪንና ኢብራሂም አን-ነኸዒይ በዓጅ መነገድ ችግር የለውም ብለዋል። ለእመቤታችን ፋጢማ የዓጅ አምባር እንዲገዛላቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን የሚያወራ ሐዲስም አለ፤ ነገር ግን ሰነዱ ደካማ ነው፤ «ዓጅ» የተባለውም የባሕር ኤሊ ድንጋይ ነው ያሉ ዑለማዎች አሉ። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ፣ በዚህ አንዱ ሌላውን ሊያወግዝ አይገባም አልሁ። በምስሉ በኩል ግን ሐጂ ትክክል ነበሩ፤ ጥላ ያለው፣ ሙሉ አካል ያለው የሰው ምስል ለጌጥ ማስቀመጥን አብዛኞቹ ዑለማዎች ይከለክላሉ። ለልጆች መጫወቻ የተፈቀደው ሌላ ነው።

ቀጥሎ የአገር ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ ወደ ተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይቲስ ወደሚባለው፣ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ በዚያው ዓመት የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲቆም ተወሰነ። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ1991 ሕጓን አሻሽላ ከአፍሪካ የመጣ ጥርስ ንግድን ዘጋች፤ የሙርሺዳባድ ቀራጮች ልጆች ወደ ሰንደል እንጨትና ሾላ ወደሚሉት ነጭና ለስላሳ የረግረግ ተክል ዞሩ። በእኛ ከተማ ግን ልጅ ሳለሁ የዝሆን ጥርስ አምባርና ሐብል በስጦታ ዕቃ መደብሮች መስኮት ላይ በግልጽ ተደርድሮ አይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 መንግሥት መደብሮቹን ፈትሾ ብዙ ዕቃ ወረሰ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ያለ ፈቃድ በዱር እንስሳ ውጤት መነገድን ይከለክላል። የመገናኛ ታክሲ የሚያደርስበት የቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ደግሞ ከመላው አፍሪካ ተሰብስቦ ወደ እስያ የሚሻገር ጥርስ በተደጋጋሚ የተያዘበት ቦታ ነው። የጥንቱ መንገድ በምጽዋና በዘይላ ያልፍ ነበር፤ የዛሬው በመስጊዳችን አናት ላይ በሚያልፈው አውሮፕላን ሆኗል።

መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በእሳት ተቃጠለ። ከየቦታው የተያዘ፣ ለዓመታት የተከማቸ ነበር። በዚያን ጊዜ በመላው አገራችን የቀሩት ዝሆኖች ከ2,000 እንደማይበልጡ ተገምቶ ነበር። እነርሱም ያሉት እ.ኤ.አ. በ1970 በተከለለው በሐረር አጠገብ ባለው ባቢሌ፣ በደቡብ ኦሞ ማጎ፣ በሰሜን ቃፍታ ሽራሮ፣ እንዲሁም የከፋና የጅማ ጥርስ ይወጣበት ከነበረው አገር ብዙም በማይርቀው በጨበራ ጩርጩራ ነው። ኖኖሶስ በአንድ ሜዳ ካየው እንኳ ያንሳሉ።

ይህን ሁሉ በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ነገርኳቸው። ገንዘብ ያዣችን «እንግዲያውስ ዕቃዋ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራች ናት፤ ዝሆኑ ሞቷል፤ ብንሸጣት ማን ይጎዳል?» አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ የመለስሁለት፣ አሮጌ ነው እየተባለ የሚሸጥ ሁሉ ለአዲሱ መሸፈኛ እንደሚሆን፣ ገበያው አሮጌና አዲስ እንደማይለይ ነው። ደግሞም የአላህ ቤት ጣራ በተሰወረ ሽያጭ አይከደንም። አንገቷ ይሰበር በሚለው ሐጂ እስከ መጨረሻው ጸንተው ነበር፤ እኔም ከደሊሉ ወገን ስለሆኑ አልተከራከርኋቸውም። ነገር ግን ምስሏ ገና የሐጂያ ንብረት እንጂ የመስጊዱ ስላልሆነች ውሳኔው የእርሳቸው ነው አልሁ።

ወደ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ስለ ናዋቡ ጆሮ ስነግራቸው ሳቁ፤ ስለ ባሪያዎቹ ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። ሰውዬው ሙስሊም ሳይሆን አይቀርም ስላቸው ምስሏን አንሥተው አዩዋትና «አላህ ይዘንለት፤ በጣም ርቦት ነበር» አሉ። ከዚያ «ለመንግሥት ስጡልኝ፤ የእኔን ኒያ አላህ ያውቀዋል» አሉኝ።

እኔና ወጣቱ የኮሚቴ አባል ምስሏን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስረከብን፤ የመረከቢያ ወረቀቱ በሐጂያ ስም ተጽፎ በኮሚቴው መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። የሴቶች መስገጃው ጣራ በሚቀጥለው ዓመት በጀማዓው መዋጮ ተከደነ። በመዋጮው መዝገብ ላይ ሐጂያ ሃምሳ ብር ብለው አስጽፈዋል።